የሰርጌ ምስክሮች ፊርማ

ከቡሬ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ባለቤቴ ውባለም መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ አስታቅፋኝ፣ «በዓመቱ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እንዳትከሳ» አለችኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን፤ እኔም ከሳሁ፣ እሷም አልመጣች።

አገር ቤት ሳለሁ ሥራዬ የእጅ ጽሑፍና ፊርማ መመርመር ነበር። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዴት በመሬት ውል የተካሰሰ ሰው ሁሉ ወረቀቱ በእኔ ማጉያ መነጽር ሥር ያልፋል። አሁን እዚህ ጀርመን አገር በአንድ መጦሪያ ቤት የሽማግሌ ካልሲ አጠልቃለሁ። ዳቧቸው ጥርስ ይፈትናል። ሰላምታቸውማ አይነሳ፤ ማንኩሳ ላይ አንድ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ብሎ እስኪጨርስ እዚህ ሁለት ባቡር ያመልጣል።

ውባለምን ለማምጣት የጋብቻ ወረቀታችንን አስገባሁ። ያለ «ተርሚን» ማንም አያናግርም፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። ስድስት ወር ጠብቄ የኢሚግሬሽኗ ሴትዮ ፊት ተቀመጥሁ።

«የአራቱ ምስክሮች ፊርማ የአንድ ሰው እጅ ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። የድሮ ሙያዬ ተነሳብኝ።

«ልክ ነሽ። የፊርማዋን ጫፍ ተመልከቺ፤ አራቱም ላይ ወደ ላይ ይመነጭቃታል።»

«ስለዚህ ሐሰተኛ ነው?»

«እውነተኛ ነው እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰርጋችን ቀን አማቴን ጨምሮ አራቱ ሽማግሌዎች ፈርሙ ሲባሉ፣ «መሪጌታ እያሉማ እኛ ብዕር አንነካም፤ እርስዎ ይጣፉልን» አሉ። አብረውን የተቀመጡት መሪጌታም ማሳፈር ከብዷቸው በዚያ በሚያምር እጃቸው ለአራቱም ፈረሙ። እኔ ባለሙያው አጠገባቸው ጠጅ እየጠጣሁ አይቻለሁ። በገዛ ሰርጉ ላይ ምርመራ የሚከፍት ማን አለ?

ይህንኑ ስነግራት ሴትዮዋ «አክብሮት» ብላ ጻፈችና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት። ምስክሮቹ በየራሳቸው እጅ ካልፈረሙ ማመልከቻው እንደሚዘጋ ነግራ አሰናበተችኝ።

ትናንት ውባለም የአዲሱን ወረቀት ፎቶ ላከችልኝ። አራቱም ፈርመዋል። ግን መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ብዕሩ መሀል ላይ ተነስቶ፣ አስቦ፣ እንደገና ይቀጥላል። የሰው ፊርማ አስመስሎ የሚቀዳ አጭበርባሪ የሚጽፈው ልክ እንዲህ ነው። የመሪጌታ እጅ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ይህ እውነተኛው ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ ኖሮ ያለማመንታት «ሐሰተኛ» እለው ነበር። ደወልሁ።

«ያምራል አይደል?» አለች ውባለም። «አባባ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ ነው የከረሙት።»

አማቴ ስልኩን ተቀበሏት።

«ልጄ፣ ይነበባል?»

«ይነበባል፣ አባባ።»

«የመጨረሻዋ ፊደል ላይ እጄ እንቢ አለኝ። እሷን ከጣፍሁ ልጄ ትሄድብኛለቻ።»

ከኋላቸው ውባለም «ልላከው ወይ?» ትላለች። «ላኪው» እስክል ድረስ እኔም ቆየሁ።