አዴ ሞሚና እና ያቺ መስመር

አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም።

ጠዋት ሐሊማ ደውላ «እናቴ አረፈች» ስትለኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ? «አይሆንም፣ ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።» መርዶ ሲነገር እንዲህ ይባላል? ግን አዴ ሞሚና ሰኞ ሰኞ ቢሮዬ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። ሰኞ የእሷ ነው።

ቀብሯ ላይ ውዬ ከጀልዴሳ መመለሴ ነው። ለማታውቋት ልንገራችሁ፣ የምታውቋት ደግሞ አብራችሁኝ ሳቁ። እሷን እያሰብኩ ማልቀስ አልሆነልኝም፣ መሃል ላይ ሳቄ ይመጣል።

እኛ ድሬዎች እናትን «አዴ» ነው የምንለው። አዴ ሞሚና ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጀልዴሳ ፓፓያና ቲማቲም የምታለማ፣ መጋላ ገበያ አውጥታ የምትሸጥ ገበሬ ነበረች። እኔ የምሠራው ለተማሪዎች ምገባ እህልና አትክልት የሚገዛው ክፍል ውስጥ ነው። የተዋወቅነው በጠብ ነው። የግዢ መመሪያችን ላይ አንዲት መስመር ነበረች፣ «አቅራቢው በአንድ ጊዜ ሙሉ የጭነት መኪና ማቅረብ አለበት» የምትል። በዚያች መስመር ሰበብ የከተማው ልጆች ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ቲማቲም ሲበሉ፣ የአዴ ሞሚና ቲማቲም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ማሳ ላይ ይበሰብሳል።

ማንበብ አትችልም። የመጀመሪያ ቀን መመሪያውን አስነበበችኝ። መስመሯ ጋ ስደርስ «ቁም» አለችኝና ጣቷን አሳረፈችባት። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ገበያዋን ጨርሳ ትመጣለች፣ ካላት ሁሉ የበሰለውን ፓፓያ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች። ጉቦ ነው እንዳልል ለጥበቃውም ለጸሐፊዋም እኩል ትሰጣለች። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ስሜን ጠርታኝ አታውቅም።

«የባቡሩ ልጅ፣ ያቺ መስመር አለች?»

«አለች አዴ።»

«እሺ። ሰኞ እመጣለሁ።»

በቃ፣ ይሄው ነው። አትጮህ፣ አትቆጣ። አቦ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሐሊማ ጅቡቲ ልትሄድ ነው» አለችኝ። ሐሊማ ያለቻት አንድ ልጅ ናት። «ሰው ቤት ልትሠራ። አትሂጂ እንዳልላት ምን ይዤ? ያቺ መስመር ካልወጣች ማሳውን ከእኔ በኋላ ማን ያርሰዋል?»

የሚቀጥለው የቢሮ ስብሰባ ላይ አዴን ይዣት ገባሁ። አለቃችን ከአዲስ አበባ የመጣ ትሁት ሰው ነው፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ እናቴ?» አላት። ዞራ ኋላዋን አየች። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው የት አለ? ለአንቺ ነው ስላት ሳቀችና እንዲህ አለችው፦

«አንተ ልጅ፣ ሙሉ መኪና ያለው ነጋዴ ነው። እኔ ያለኝ ማሳ ነው። ልጆቹ የሚበሉት ቲማቲሙን ነው መኪናውን? መንግሥት ለድሬ ልጅ ምሳ ከገዛ፣ የድሬን ገበሬ ለምን ይዘላል?»

ከዚያ ቅርጫቷን ፈታ ፓፓያውን ለሁሉም እየቆረጠች አደለች። አለቃችን ሁለቴ ተቀበለ፣ እኔ አይቻለሁ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ብዙ ሰኞ አለፈ። ግን መስመሯ ከመመሪያው ወጣች። አነስተኛ ገበሬዎች በማህበር ሆነው እያንዳንዳቸው የቻሉትን ያህል እንዲያቀርቡ ተፈቀደ።

አሁን የመጀመሪያውን የርክክብ ቀን ስሙልኝ። እኛ መመሪያ አዋቂዎቹ ማን ምን ያምጣ የሚለውን መጻፍ ረስተናል። ገበሬዎቹ ደግሞ ልጆች ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንኩርት ይዞ መሄድ አሳፈራቸው። ሁሉም ያለውን ጣፋጭ ይዞ መጣ። በጋሪ ፓፓያ፣ በባጃጅ ፓፓያ፣ አንዱ ጭራሽ በግመል ፓፓያ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ወገቧን ይዛ «ምን ላድርገው፣ የፓፓያ ወጥ ልሥራ?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አዴ ሞሚና ክምሩን አንዴ ዞረችው፣ ከዚያ ሳቅ ጣላት። ቁጭ ብላ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች «የባቡሩ ልጅ፣ ሙሉ መኪና አላልክም? ይኸውልህ ሙሉ መኪና» አለችኝ።

ስቃ ስቃ ሲወጣላት ገበሬዎቹን እዚያው ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። «ኮቱ፣ ና፣ አንተ ሽንኩርት። አንቺ ቲማቲም። አንተ ማሽላ፣ ፓፓያህን ለበዓል አቆየው» እያለች ደለደለቻቸው። እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚያ ድልድል ነው። ልጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ ፓፓያ በሉ፣ ያማረረ አልነበረም።

ሐሊማም ሻንጣዋን ፈታች። አሁን የማህበሩ ጸሐፊ ናት።

ታዲያ መስመሯ ከወጣች በኋላም አዴ ሰኞን አልተወችም። «ወጣች እኮ፣ አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?» ስላት፣ «ወረቀት ነው፣ ዞር ስል መልሳችሁ ብትጽፏትስ? አለች?» ትለኛለች። «የለችም አዴ» እላታለሁ። «እሺ። ሰኞ እመጣለሁ።» ያኔ እየቀለደች ይመስለኝ ነበር። መመሪያው በታደሰ ቁጥር ያቺን መስመር መልሰን እናስገባ የሚል ሰው እንደማይጠፋ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ዛሬ ከቀብር ስንመለስ ሐሊማን ቤታቸው በር ላይ አገኘኋት። ላጽናናት ጠጋ አልኩ። እሷ ናት የቀደመችኝ። «ሰኞ እኔ እመጣለሁ» አለችኝ።

አዴዬ፣ ጠዋት ወደ አንቺ ከመምጣቴ በፊት ቢሮ ጎራ ብዬ ነበር። መመሪያውን አወጣሁና ያን ቀን ጣትሽን ያሳረፍሽበት ቦታ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። የለችም። አንቺ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ ብዬ ነው። ደህና ሁኚ እናቴ፣ አሁን እረፊ። ሰኞን ሐሊማ ይዛዋለች።