የሁዳዴው ላብኔ

እናቴና እወዳት የነበረችው ልጅ አባት በአንድ ማዕድ የተቀመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መሃል ከተማ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር በተከፈተ ምግብ ቤት ውስጥ። ባለቤቱ ሊባኖሳዊ፣ ሚስቱ ሶርያዊት ነበሩ። የሐዋሳ ሰው ሁለቱን አገር ለመለየት አልደከመም፤ «ዓረብ ቤት» ብሎ ተገላገለ። ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ አሁን የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በደጁ ሳልፍ ዛሬም አንገቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ።

ቦታውን ወደን አልመረጥነውም። እናቴ አባቴን ተከትላ ከጎንደር የመጣችው በልጅነቷ ነው። አባቴ እዚህ አስተምሮ፣ እዚህ ጡረታ ወጥቶ፣ እዚሁ ተቀበረ። ለእሷ ግን ከተማው ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ የሰው አገር ነው። ልጅቷ ሲዳማ ናት፣ ጴንጤ ናት፤ አባቷ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው። እኔና እሷ የተዋወቅነው አንድ ቢሮ ስንሠራ ነው። ቤተሰብ እናስተዋውቅ ስንል እናቴ «ጾም በማያውቅ ድስት የተሠራ አልቀምስም» ብላ እነሱ ቤት መሄዱን ዘጋችው። አባቷም እኛ ቤት አልመጣም አሉ። እናቴ ስለ ልጃቸው ለጎረቤት የተናገረችው ቃል ዞሮ ዞሮ ጆሯቸው ገብቶ ነበር። ቃሉን እዚህ አልደግመውም። እንግዲህ የማንም ያልሆነ ቤት አስፈለገን፤ ዓረብ ቤት ደግሞ የማንም አልነበረም።

ጊዜውም የእኛ ምርጫ አልነበረም። ሁዳዴ ገብቷል። ከቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ሰው ልጅቷን ለትዳር ጠይቆ፣ አባቷ ከፋሲካ በፊት ቁርጡን ልወቅ ብለዋል። እናቴ እሺ ካለች ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እምቢ ካለች ልጅቷ ለዚያ ሰው ትዳራለች። ለምን ተያይዛችሁ አልጠፋችሁም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሷ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ያለች ልጅ ናት። እኔም ለእናቴ አንድ ነኝ። ይህን የማይረዳ ሰው ቢፈርድብኝ ግድ የለኝም።

ከቢሮ ፈቃድ ጠይቀን ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠርናቸው፤ እናቴ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም። አባቷ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳቸው የሚቀርብላቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ሳይበሉ ቆይተው፣ የሰርግ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ልጃቸው ምናሌው ላይ የበጉን ጥብስ ስታሳያቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ዛሬ እኔም ጾመኛ ነኝ» አሉ፣ ሲዳምኛ በሚጎትተው አማርኛቸው። «እትዬ እየጾሙ እኔ ሥጋ እንዴት እበላለሁ?»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ከገባን ጀምሮ የምታየው የጠረጴዛውን ልብስ ነበር።

ባለቤቱ ራሱ ሊታዘዘን መጣ። አገራችን ከገባ ዓመት ያልሞላው፣ ቃል በቃል እየለቀመ የሚናገር፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ደግ ሰው ነበር። አንገቱ ላይ የወርቅ መስቀል አለ። እናቴ መስቀሉን ስታይ ትከሻዋ ረገብ አለ።

«ክርስቲያን ነህ ልጄ?»

«ክርስቲያን፣ ክርስቲያን» አለ ደረቱን እየመታ። «እኔም ጾም። ሥጋ የለም!»

«እንግዲያው የጾም በያይነቱ አምጣልን» አለችው። ዓረብ ቤት ገብታ በያይነቱ ስታዝ ልጅቷ ሳቋን ለመደበቅ ውኃ ጠጣች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

ትልቅ ትሪ መጣ። ከተፈጨ ሽንብራ የተሠራ ሁሙስ፣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ፈላፈል፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ በፐርሰሜሎ የተሠራ ሰላጣ፤ ከመሃል ደግሞ የወይራ ዘይት የተንጣለለበት አንድ ነጭ ነገር። እናቴ ዳቦ ቆርሳ ከነጩ አጠቀሰች።

«ሰሊጥ ነው» ብላ ራሷ ፈረደች። ማንም አልጠየቃትም።

ደገመች። እናቴ ማለት ከሰው ሰርግ እንኳ «ጨው አንሶታል» እያለች የምትመለስ ሴት ናት። ያን ቀን «ይጣፍጣል» አለች፤ ጆሮዬን አላመንኩትም። ከዚያ ትልቅ ዳቦ ቆረሰች፣ ከነጩ በደንብ ዝቃ ጠቀለለችና እጇን በጠረጴዛው ላይ አሻግራ ወደ ልጅቷ ዘረጋች።

«እንኪ ልጄ፣ በሞቴ።»

ልጅቷ ጎረሰች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባቷ ፊታቸውን ላለማሳየት ጎንበስ ብለው ዳቦ መቆራረስ ያዙ። እናቴ ሁለተኛውን ጠቅልላ አጎረሰቻት፣ ሦስተኛውንም። ያኔ በየቢሮው የሚካሄደው ግምገማ፣ ማንም ከማንም ሳይስማማ፣ «መግባባት ላይ ተደርሷል» ተብሎ ነበር የሚዘጋው። እዚህ ግን ማንም ሳይናገር የተግባባን መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የምልካቸውን ሽማግሌዎች በልቤ መምረጥ ጀምሬ ነበር።

ባለቤቱ እጁን እያሻሸ ተመለሰ። «ላብኔ ጥሩ?» አለ ነጩን ሳህን እያመለከተ። «እናንተ አላዘዛችሁም። ስጦታ። ሚስቴ ነች የሠራችው። እርጎ በጨርቅ ታስራለች፣ ውኃው ይወርዳል።»

ለእሱ ጾም ማለት ሥጋ መተው ነው፤ እንደዚያ ሆኖ አድጓል። ወተት የሚጾም ክርስቲያን መኖሩን ያወቀው የእናቴን ፊት ሲያይ ይመስለኛል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

የልጅቷ አባት ሊያጽናኗት ፈለጉ። በቤተ ክርስቲያናቸው እንደለመዱት «እህቴ» አሏት። «እህቴ፣ አይጨነቁ። ሳያውቁ ነው የበሉት። ጌታ የሚያየው ልብን ነው።»

ከዚህ የባሰ ቃል ሊመርጡ አይችሉም ነበር። እሳቸው የተናገሩት ከርኅራኄ ነው፤ እናቴ የሰማችው ስብከት ነው።

«ጾሜን አስፈትተህ ልታሰብከኝ ነው ያመጣኸኝ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሰውየው ነው የተሳሳተው። ማናችንም አላወቅንም» አልኳት።

አልሰማችኝም። ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ? ታውቂ ነበር?»

ልጅቷ ከባልደረቦቿ ጋር እዚያ ቤት በልታ ታውቃለች። አላውቅም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ዛሬ አግብተን ልጆች ይኖሩን ነበር። ግን መዋሸት የማትችል ልጅ ነበረች፤ እኔም የወደድኳት በዚህ ነው።

«አዎ» አለች። «ስጎርሰው አወቅሁት።»

«ታዲያ እያየሽኝ ዝም አልሽ?»

«እያጎረሱኝ ነበራ» አለች።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ተከትያት ወጣሁ። ከበሩ ላይ ዞር ብዬ ሳይ የልጅቷ አባት በሲዳምኛ ቀስ ብለው የሆነ ነገር እየነገሯት ነበር፤ ልጅቷ አቀርቅራለች። ባለቤቱ ትሪውን ይዞ እንደቆመ ነው። ልጅቷ ከፋሲካ በኋላ ለዚያ ሰው ተዳረች።

እናቴ በማግስቱ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። «ባለማወቅ የሆነ ነው፤ ስገጂና እርሺው» አሏት። ሰገደች፣ ረሳችውም። ላብኔውን ማለቴ ነው። ልጅቷን ግን አልረሳቻትም፤ «እያየች ጾሜን ያስፈታችኝ» እንዳለች ኖረች። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አኩርፌያት አይቻለሁ። እግዚአብሔር ዘንድ የቀለለው ነገር እናቴ ዘንድ ተራራ ሆኖ ቀረ። ሌላ ሴት አምጣ ስትለኝ መልስ መስጠት ተውኩ። እሷም መጠየቁን ተወች። ቤታችን ውስጥ ከዚያ በኋላ የረባ ነገር አልተነገረም።

አሁን አርጅታለች፤ ያለፈውና የዛሬው ይቀላቀልባታል። በዘንድሮው ሁዳዴ፣ ከቅዳሴ መልስ ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ እንጀራ ጠቅልላ እጇን ማንም ወዳልተቀመጠበት ወንበር ዘረጋች። ዘርግታው ቆየች።

«ያቺ ልጅ የታለች?» አለችኝ።

«የትኛዋ እማዬ?»

«ሳጎርሳት ዓይኗ እንባ የሚያቀርረው ነዋ። ጥሩ ልጅ ናት። ለምን አታመጣትም?»

እጇ እየደከመ ሲወርድ አየሁ። ተጠግቼ እኔ ጎረስኩት። ሽሮ ነበር።