የሞጣው ሰው ምን ይዘው ይሆን

ሽማግሌ ልኮ መልስ መጠበቅን የመሰለ ቅጣት የለም። እኔ ደግሞ ድሮም ተቀምጬ መጠበቅ አልችልበትም፤ እናቴ «ይኼ ልጅ መቀመጫው ላይ እሳት አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ያኔ ቢቸና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የምወዳት ልጅ ሞጣ ታስተምራለች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቼ በሚኒባስ ተሳፍረው አባቷን ሊለምኑ ሲሄዱ፣ እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በስልኬ ፖከር እጫወት ነበር።

የኢንተርኔት ፖከር ነው፤ ገንዘብ የለበትም። በነጻ በሚታደል ቺፕስ፣ በገንዘብ ፈንታ በሚቆጠር ጠጠር ነው የምንጫወተው፤ ሲያልቅብህ ነገ ሌላ ይሰጥሃል። ለእያንዳንዱ ሰው ከራሱ በቀር ማንም የማያየው ሁለት ካርታ ይደርሰዋል፤ ሌሎች አምስት ደግሞ ቀስ በቀስ ለሁሉም ይገለጣሉ። የተጋጣሚህን ፊት አታይም። የምታየው ምን ያህል እንዳስያዘና ከማስያዙ በፊት ምን ያህል እንደቆየ ብቻ ነው። ጀማሪ «ይሄ ሰውዬ ሁለት ንጉሥ ይዟል» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ የገባው ግን ሰውየው ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ በሐሳቡ ይደረድርና፣ አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር የማይመስለውን እየጣለ ግምቱን ያጠብባል። ይኼ ግመታ ልቤን ወሰደው፤ ምግብ እየበላሁ እንኳ የሰው ካርታ እገምት ነበር።

የውሻ ፎቶ የለጠፈ አንድ ተጫዋች ነበር። ከማስያዙ በፊት ረጅም ጊዜ ይቆያል። ፈርቶ ነው፣ ባዶ እጁን ነው ብዬ ያለኝን ሁሉ አስይዝበታለሁ፤ ካርታው ሲገለጥ እኔው ባዶ እቀራለሁ። አንድ ቀን ደግሞ የእኔ ተራ ደርሶ ስልኬ ቀጥ አለ። ሲመለስ ከተጫዋቾቹ አንዱ «ምን ይህን ያህል ታስባለህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎብኛል። ምንም አላሰብኩም፤ የቢቸና ኔትወርክ ነው የጠፋው። ብቻዬን ሳቅሁ። ባለ ውሻውም የሚቆየው በኔትወርክ ይሆናል ብዬ ግን ለአፍታም አልጠረጠርኩም።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ፣ ዋናው ሽማግሌ የንስሐ አባቴ ስለነበሩ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ያዝኳቸው።

«ገና እንደገባችሁ ተቀመጡ አሏችሁ አባ?»

«ቆመን ቆየን። በኋላ ተቀመጡ አሉን።»

«ከዚያስ?»

«ቤተ ዘመድ ሳላማክር ምን እመልሳለሁ፣ እስቲ ሌላ ቀን ብቅ በሉ አሉን። ደንቡ ነው እንግዲህ። ደጅ ሳያስጠና ልጁን የሚሰጥ አባት አለ?»

«ይኼን ሲናገሩ ወዴት ነበር የሚያዩት?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ የሄድኩት ለሽምግልና ነው ለስለላ?»

ሁለተኛ ሄዱ። አሁን አልቆሙም፤ በልተው ጠጥተው ተመለሱ። መልሱ ግን «ፋሲካ ይለፍ» ሆነ። እንደ ፖከሩ ደረደርኩት። ጠልተውኝ ቢሆን አያበሏቸውም፤ ይኼ ወደቀ። ለወጉ ያህል ማስጠበቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ አስጠብቀዋል፤ ይኼም ወደቀ። የቀረው አንድ ነው፦ ሌላ ጠያቂ መጥቷል። ደጀን የጭነት መኪና ያለው ሰው መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ማንም እንዲህ ያለ ሰው አለ አላለኝም። ከራሴ ፈጥሬው በቅናት ተንገበገብኩ፤ ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለስ ጀመር።

በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «እስከ ሆሳዕና ካልመለሱልን ሌላ ደጅ እንጠናለን ብለው ይንገሩልኝ» አልኳቸው። እንዲያው ለማስፈራራት ነው፤ ሌላ ደጅም አልነበረኝም።

«እንዲህ ያለ ቃል ይዤ የሰው ደጅ አልረግጥም!» አሉ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

በማግስቱ ራሴ ሄድኩ። ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳያገኝ በልጅቱ ከተማ መታየቱ ነውር መሆኑን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ከጉንደ ወይን ወዲያ አቧራው በመስኮት እየገባ ሲያስለኝ፣ ለአባቷ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። ሞጣ ስወርድ ግን ድፍረቱ ከዳኝና ወደ እሷ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር መጣች።

«ምን ልትሠራ መጣህ? ሰው ቢያይህ አባቴ ምን ይባላሉ?»

«ለሌላ ሰው ሊሰጡሽ ነው አይደል?»

«ለማን?»

«ለደጀኑ ባለመኪና።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «አባቴማ ሽማግሌዎችህ መጀመሪያ የመጡ ዕለት እሺ ሊሉ ነበር። ጊዜ ስጡኝ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ የአባቷን ካርታ ስገምት፣ እሷን ከጨዋታው አልቆጠርኳትም ነበር።

«ለምን?» አልኳት።

«አንተ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ስንገናኝ ዓይን ዓይኔን ታያለህ፤ ደክሞሻል፣ ከፍቶሻል፣ ደስ ብሎሻል ትለኛለህ። ቢቸና ቤት መከራየትህን እንኳ የሰማሁት ከሽማግሌዎችህ ነው።»

አፈርኩ። «እሺ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ነጠላዋን ስታስተካክል እጇን አየሁ፤ ከዚያ ከንፈሯን፤ ከዚያ የምታይበትን አቅጣጫ።

«አሁንም እየገመትክ ነው» አለች።

ወደ መሬት አቀርቅሬ ጠበቅሁ። ከሁሉም ጥበቃ የከበደኝ ይኼ ነበር።

«እናቴ ታማለች። ትቻት ከሞጣ አልወጣም።»

ከደረደርኳቸው ካርታዎች ውስጥ ይኼ አልነበረም። ደወሉ ተደወለ። ወደ ክፍል ልትገባ ፊቷን ካዞረች በኋላ መለስ ብላ «መልስህን ደግሞ በሽማግሌ እንዳትልክብኝ» አለች።

«ሞጣ መጥቼ እኖራለሁ» አልኳት፣ እዚያው እንደቆምኩ።