የመምህር ኒሞ ቀብርና የፖኩዋ መስኮት

የፖኩዋ ሁለት እጆች ከኮምፒውተሩ ላይ አይነሱም። በማለዳ ያመጣሁላት የተጠበሰ ሙዝና ኦቾሎኒ እዚያው ጎኗ ቀዝቅዟል። ጣቶቿ ይሮጣሉ፣ ድንገት ቆም ይላሉ፣ አንዲት ቁልፍ ብቻ ደጋግመው ይመታሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። ያቺ ቁልፍ የተጻፈውን ማጥፊያዋ ናት። እሷን ስታበዛ ልቧ እንደተረበሸ አውቃለሁ።

ፖኩዋ የልጅ ልጄ ናት፤ እዚህ ሱኒያኒ ከተማ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ሥራዋ ሐዘን ለደረሰባቸው ቤተሰቦች የኢንተርኔት ገጽ መሥራት ነው። ገጹ ላይ የሟቹ ፎቶና ታሪክ ይሰፍራል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ቀብሩ በቪዲዮ በቀጥታ ይታያል። አባቷ የተቀበረ ጊዜ እሷ ሩቅ ከተማ፣ ኬፕ ኮስት፣ ትምህርት ላይ ነበረች። የተሳፈረችበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ የደረሰችው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚያ ቀን አታወራም። እኔም አልጠይቃትም።

ሥራዋን ግን ጠይቄያት አውቃለሁ።

“ቪዲዮው የእኔ አይደለም ናና” አለችኝ፤ ናና በእኛ አገር አያትም አዛውንትም የሚጠራበት ነው። “ሌላ ድርጅት ቤት ነው የሚኖረው። እኔ ግድግዳዬ ላይ መስኮት እከፍታለሁ፤ ሰው በእኔ መስኮት አሻግሮ የእነሱን ያያል።”

“ታዲያ የሰው ቤት ስታሳዪ ነው የምትውይው?”

“አስፈቅጄ ነዋ።”

ድሮ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መስኮቱን ለየብቻ ትሠራ ነበር። ድርጅቱ አንድ ነገር በቀየረ ቁጥር ሠላሳውንም ገጽ እየዞረች ትጠግናለች። ኋላ ላይ አንድ መስኮት ብቻ ሠርታ ያንኑ በየገጹ ተከለችው። አንዱን ስትነካው ሁሉም ይስተካከላል። ደግሞም ዝግ አደረገችው፤ ክፍት ከሆነ ቪዲዮው ማንም ሳይጠራው እየጎረፈ የድሃውን ስልክ ኢንተርኔት ይጨርሳል። መጀመሪያ የሚታየው ፎቶ ነው። ፎቶው መሃል ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት ለነካ ብቻ ይከፈትለታል። ስትሞክረው የጎረቤታችንን ፍየል ፎቶ ነበር የለጠፈችበት። ግቢው ሁሉ እየተሳሳቀ የፍየሏን አፍንጫ ሲጫን ዋለ፤ እኔም ተጭኛለሁ። በደንብ ይሠራል።

ያን ቅዳሜ የሚቀበረው መምህር ኒሞ ነበር፤ በአዲሱ መስኮት የሚታየው የመጀመሪያው ቀብር የእሱ ነው። ታላቅ እህቱ ናና አፍራኮማ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከመንደራቸው መውጣት አይችሉም። የሬሳ ሳጥኑ የሚዘጋው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወንድማቸውን ፊት ማየት የለም። ፖኩዋ “እዚያው ቤትዎ ሆነው ያዩታል” ብላ ቃል ገብታላቸው ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስንት ሰው እንደሚያይ የሚናገረውን ቁጥር ተመለከተች። ሁለት ይላል። አንዷ ራሷ ናት፣ ሌላው እዚያው ቀብሩ ቦታ ያለው ካሜራ ያዡ ባፎ።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። በእኔ ስልክ ሞከረችው፤ ይሠራል። ያን ጊዜ ነው ጣቶቿ ያቺን ቁልፍ መደብደብ የጀመሩት። ምኑን እንደምትጠግን ሳታውቅ ትጠግናለች። በመጨረሻ ወደ መንደሩ ደወለች።

“ናና አፍራኮማ፣ እያዩ ነው?”

“እያየሁት ነው ልጄ። ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ አይንቀሳቀስም። እዚህ አርባ ሰው ከቦኛል።”

“መሃል ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት ይንኳት።”

“የትኛዋን?”

“ፎቶው ላይ ያለችውን።”

“እሷማ አፉ ላይ ናት” አሉ።

“አዎ፣ እሷን ይጫኗት።”

“አንቺ ልጅ፣ ወንድሜ ገና ሳይቀበር አፉን በጣቴ ልወጋው? ሰው እያየኝ?”

ከኋላቸው የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ተሰማ፦ “እኔንም ንካ ብለውኝ ነበር። አልነካም ብያለሁ። በሕይወት ሳለ አስተማሪዬ ነበር።”

ፖኩዋ ስልኩን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቿ ሲፈጡ አየሁ። ፍየል ላይ ነበር የሞከረችው።

ወዲያው ባፎ ጋ ደወለች። “ሳጥኑን እንዳይዘጉት ንገርልኝ። አሥር ደቂቃ ብቻ።”

“የሞተው አይቸኩልም፣ ቄሱ ግን ሌላ ቀብር አለባቸው” አላት።

“ባፎ፣ እግራቸው ላይ ውደቅ።”

“ካሜራውን ማን ሊይዝልኝ? እሺ፣ እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።”

ምልክቷን ከፎቶው ላይ አንሥታ ከሥር፣ ከፊቱ ርቃ እንድትቀመጥ አደረገች። አጠገቧ ጽሑፍ ጨመረችና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረች። “አንብቢልኝ ናና።” ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷው ናት፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅብኝ ታውቃለች። “የቀጥታ... ሥርጭቱን... ለመመልከት...” እያልኩ ሳለሁ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ መለሰችው።

“ረዝሟል” አለች።

“አዎ፣ ቄሱ ይሄዳሉ።”

“ለማየት እዚህ ይንኩ” ብላ ጻፈች። ይህን ባንድ ትንፋሽ አነበብኩት። አንዲት ቁልፍ መታች፣ በሠላሳውም ገጽ ላይ ያለው መስኮት ተቀየረ። ከዚያ ደወለችና “ገጹን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት” አለቻቸው።

ቁጥሩ ሁለት እንዳለ ቆየ። በኋላ ዘጠኝ ሆነ። ሠላሳ አራት። መቶ አለፈ። ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ ከመንደሩ በስልኩ ውስጥ ልቅሶ ሰማን፤ የናና አፍራኮማ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ፖኩዋ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ትከሻዋ ወረደ። ስንት ሳምንት ሙሉ ትከሻዋ ተሰቅሎ እንደኖረ ያየሁት ሲወርድ ነው።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ራሳቸው ደወሉ።

“አየሁት” አሉ። “ሳጥኑ እስኪዘጋ ድረስ አየሁት። የለበሰውን ጨርቅ አይተሽዋል?”

“አይቼዋለሁ ናና፣ ያምራል።”

“የኔ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ተዋሰኝ። ይኸው ይዞት ሄደ።” ሳቁና ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ፤ ከዚያ ፖኩዋን ረጅም ምርቃት መረቋት። የቀዘቀዘውን ሙዝ አሞቅሁላት፤ ሁሉንም በላች።

እኔ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሐሙስ ዕለት የመምህር ኒሞን ገጽ አሳይታኝ ነበር። ጣቴን ዘርግቼ ወደ አፉ ስደርስ ሰበሰብኩት። ለተማረ ሰው ምን እላለሁ ብዬ “ጥሩ ነው” አልኳት። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ያ ጭንቅ ባልመጣ ነበር። እናንተም የልጅ ልጆቻችሁ የሠሩትን ሲያሳዩአችሁ እጃችሁ እምቢ ካለ፣ እባካችሁ ዝም አትበሉ። ለምን እምቢ እንዳለ ንገሯቸው።