ለወንድሜ የመረጥኩት ቢላ

ክብሪት ሳጥኑ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ስሰማ ሥራዬን አቋርጣለሁ። ማንም አያስተውለኝም። ደንበኛ መጥቶ ክብሪት ይጠይቃል፣ ከመደርደሪያው አውርጄ እሰጠዋለሁ፣ እሱም ሙሉ መሆኑን ለማወቅ ጆሮው አጠገብ ነቅነቅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ እናቴ ሱቅ ውስጥ መሆኔ ይጠፋኛል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሌላ ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ በእጄ ቢላ ይዣለሁ፤ ጀርባዬን ላብ ያሳክከኛል።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

አባታችን ሲሞት የተወልን ጥቂት ግመሎች ነበሩ። የሚጠብቃቸው አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ቤቱ ከሞያሌ ወጣ ብሎ ሄሉ ነው። ወንድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ እናቴ ሱቅ ገብቼ ጀሪካንና ገመድ እሸጥ ነበር፤ እሱም ትምህርቱን ሲያቆም አንድ ነገር ብቻ ያወራ ጀመር፤ ፎራ መውጣት። ፎራ የምንለው በበጋ ውሃና ቅጠል ፍለጋ ግመሎቹ ከሰው መንደር ርቀው የሚሰፍሩበት ቦታ ነው። እዚያ ቤት የለም። የእሾህ አጥር አለ፣ እሳት አለ፣ ከላይ ሰማይ አለ። አንድ በጋ ሙሉ ፎራ ውሎ አድሮ የተመለሰ ልጅ ግመሎቹን በእጁ ይረከባል። አጎቴ ቃሉን ሰጥቶት ነበር።

ፎራ የሚወጣ ሰው ደግሞ ወገቡ ላይ ቢላ ያስፈልገዋል። አጎቴ በዚህ ነገር የራሱ ሥርዓት ነበረው። የመጀመሪያ ቢላውን ማንም ሰው ራሱ እንዲመርጥ አይፈቅድም።

«ራሱ ከመረጠ ዓይኑ ነው የሚመርጥለት» አለ። «ቤት ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ግን በሆዱ ይመርጣል። አንቺ ትመርጪለታለሽ።»

«እኔ?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ፣ ኢንተላ! ሌላ እህት አለው እንዴ?»

ኢንተላ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው። እስኪሞት ድረስ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ደጃፍ ካለው ግራር ሥር አስቀምጦ አስተማረኝ። ፀሐይዋ በቅጠሉ መሃል እየተንጠባጠበች በስለቱ ላይ ትጫወት ነበር። የራሱን ቢላ ከአፎቱ መዞ መዳፌ ላይ አጋደመልኝ። ከባድ ነበር፤ የቅቤና የጢስ ሽታ ነበረው። «የሚታጠፍ ቢላ ለብርቱካን ነው» አለኝ። «በረሃ የሚታጠፍ ነገር አይፈልግም። እዪ፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ገብቷል። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጅራቱ አጭር ከሆነ ግን እንደ ወተት ጥርስ ነው፤ አንድ ቀን ይነቀላል።» ከዚያ ቢላውን አንስቶ ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቀው። ምንም አልተሰማም። «ጥሩ ቢላ ዝም ይላል። የሚያወራ ቢላ እንዳትገዢ። እንዳንቺ አፍ የሌለውን ፈልጊ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አፌን በሻሼ ሸፍኜ ሳቅኩ።

ወንድሜ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ከእኛ ሱቅ ሦስት በር አልፎ ባለ አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ አንድ ቢላ ተሰቅሏል። ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ያብለጨልጫል፣ እጀታው ውስጡ ባዶ ሆኖ በክዳን ይዘጋል። ክዳኑ ላይ ትንሽ ኮምፓስ አለች። እጀታው ውስጥ ክብሪት፣ መርፌ፣ ክርና የዓሣ መንጠቆ አለ። ሞያሌ ውስጥ ዓሣ የምናውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው።

«እታለም፣ እሱን ግዢልኝ» ይለኛል በየቀኑ። «ኮምፓስ አለው እኮ!»

«ኮምፓስ ምን ያደርግልሃል? ግመሎቹ ውሃው የት እንዳለ ያውቃሉ።»

«እኔ ግመል አይደለሁማ!»

«ማን አለ? ግመል እንዲህ አይለፈልፍም።»

አጎቴ ግመሎቹን እየነዳ ቀድሞ ወጣ። ወንድሜ ከሁለት ቀን በኋላ ወደዚያ በሚሄድ የጭነት መኪና ሊከተለው ተነጋገሩ። እናቴ ገንዘቡን ሰጥታኝ ድንበሩን ተሻግሬ በኬንያ በኩል ካለው ሞያሌ ቀጥቃጭ ዘንድ እንድሄድ ነገረችኝ። «ገዝተሽ ቶሎ ነይ፣ እዚያ አትቀመጪ» አለች። ሰው ቀጥቃጭን ይንቃል፤ ቢላውን ግን ይፈልገዋል።

ቀጥቃጩ የሚሠራው ከከብት ተራው ጀርባ በላስቲክ ጥላ ሥር ነበር። ከሩቁ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተኝ፤ የጋለውን ብረት በቀንድ እጀታ ውስጥ ሲሰድ የሚወጣው ሽታ ነው። ወናፉ ይተነፍሳል፣ መዶሻው ያርፋል፣ እንደገና ይወርዳል። አጠገቡ አራት አምስት ቦዳ ቦዳ ነጂዎች ሞተራቸውን አቁመው፣ ያንዱ የተሰበረ መርገጫ እስኪበየድለት እየጠበቁ፣ ጫት ይዘው ተቀምጠዋል።

የምፈልገውን ስነግረው ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን አንድ ቢላ አሳየኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ምንም ውበት የሌለው። ጅራቱ ረጅም ነበር። አጎቴ ያለኝ እሱ ራሱ መሆኑን ገና ሳየው አወቅኩት።

«ብረቱ አልቋል፤ የቀረው እጀታው ነው» አለ ቀጥቃጩ። «እጀታ በልክ ነው የሚሠራው። ለማን ነው?»

«ለወንድሜ።»

«የእናትሽ ልጅ ነው ወይስ የሰው እናት ልጅ?» አለ አንዱ ባለ ሞተር። ሌሎቹ ሳቁ።

ቀጥቃጩ አልሳቀም። ትልቅ ሰው ነበር፣ ልጆቹ የእኔን ያህል ሊሆኑ ይችላሉ። ጥላሸት የለበሰ እጁን ዘረጋልኝ። «ያዢና ንገሪኝ፤ የሱ እጅ ከዚህ ይበልጣል ያንሳል?»

«ያዢው እንጂ! እጅ ሊሰጥሽ ነው!» አለ ሌላው ባለ ሞተር።

«ሽማግሌ እንላክ ወይ?»

ሁሉም እያዩኝ ነበር። የወንድሜን እጅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ እሾህ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከቀጥቃጩ እጅ በጣት ስፋት ታንሳለች፣ አውራ ጣቱ ግን ይረዝማል። ሳልነካው፣ እንዲሁ በዓይኔ አይቼ ልነግረው እችል ነበር። በከሰል መሬት ላይ ልስለው እችል ነበር። ይህ ሁሉ የመጣልኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፊቴ ነደደ።

«መጣሁ» ብዬ ዞርኩ።

«ኧረ ልጄ ተመለሺ! እነዚህን ባለጌዎች ተያቸው!» አለ ቀጥቃጩ ከኋላዬ። «እሺ፣ መዳፉን በሲባጎ ለክተሽ ላኪልኝ። ነገ ይደርሳል!»

ሰምቼዋለሁ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው የሄድኩት። እኛ ሱቅ ውስጥ ሲባጎ በጥቅል ይሸጣል። ማታ ወንድሜን መዳፉን ለክቼ ጠዋት በሚሻገር ሰው ብልከው ያልቅ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ እግሬ ግን ድንበሩን አልፎ ወደ ባለ መስታወቱ ሱቅ ወሰደኝ። እዚያ ሳቅ የለም፣ እጅ የሚዘረጋ የለም። ዋጋው በወረቀት ተለጥፏል። መናገር እንኳ አያስፈልግም፤ በጣት ማሳየት ይበቃል።

ባለ ሱቁ ቢላውን አውርዶ ሰጠኝ። ቀላል ነበር። ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት።

አወራ።

ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ነበር። ባለ ሱቁ ፊቴን አይቶ «ዳዳ፣ እህቴ፣ አትስጊ፣ ውስጡ ያለው ክብሪት ነው የሚንቀጫቀጨው» አለኝ።

ሊሆን ይችላል። አሁንም ድረስ እሱ ዋሽቶኛል አልልም፤ ክብሪትም በእርግጥ ነበረበት። ግን ክዳኑን ማዞር፣ ክብሪቱን ባንኮኒው ላይ ማፍሰስ፣ ከዚያ እንደገና ነቅንቆ ማዳመጥ ነበረብኝ። አጎቴ ይህን ነው ያስተማረኝ። «ክፈትልኝ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገኝ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ከፍዬ ወጣሁ።

ወንድሜ ቢላውን ሲያይ እጄን ይዞ ሳመኝ፣ ግንባሬንም ሳመኝ፣ ከዚያ ቤቱን ዞረው። «አውቄ ነበር! አንቺ እንደማታሳፍሪኝ አውቄ ነበር!» እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይሄ ቀጥቃጭ የሠራው ነው?» አለችኝ። «ቀጥቃጩ ሥራ በዝቶበታል» አልኳት። በዚህ ነገር የመጀመሪያው ውሸቴ እሱ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ወንድሜ መኪናው ጭነት ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ወገቡ ላይ ያለውን ቢላ ፀሐይ መታው። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ሲያብረቀርቅ ይታየኝ ነበር።

ፎራ ሲደርስ አጎቴ ቢላውን አይቶ «ይሄ መስታወት ነው» ብሎ ነበር አሉ። ግን ከወገቡ አላስፈታውም። «እሷ ካደመጠችው ግድ የለም» አለ። ይህን የነገረኝ ወንድሜ ነው፣ እየሳቀ።

ሁለት ሳምንት አልሞላውም። አንዲት ግልገል ግመል እግሯ በገመድ ተጠላልፎ አጥሩ ላይ ወደቀች፤ ገመዱ አንገቷ ላይ ጠበቀ። ወንድሜ ሮጦ ደረሰና ሊቆርጠው ቢላውን ገመዱ ሥር አስገብቶ በኃይል ገፋው። ብረቱ ከእጀታው ወጣ። ባዶው እጀታ ሲንሸራተት መዳፉ በስለቱ ላይ አለፈ። ግልገሏን አጎቴ አዳናት። ወንድሜን ድንበር ማዶ ሶሎሎ ወዳለው ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና እስኪገኝ ግን ቀኑ መሽቶ ነጋ፣ የሚቀጥለውም ተጋመሰ። ሐኪሙ የሚችለውን አደረገ። የሦስት ጣቶች ጅማት ተቆርጦ ነበር፣ ቁስሉም ዘግይቶ ነበር።

እናቴና እኔ ስንደርስ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ነበር። እናቴ አለቀሰች። እሱ እኔን አይቶ ፈገግ አለ። «እንዳይቆጭሽ እታለም። እኔ የምወደውን አውቀሽ ነው የገዛሽልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ጥቁር ብረት ያሸክመኝ ነበር።»

ፋሻውን አስተካከልኩለት። ዝምታዬን ሐዘን ብሎ ወሰደው፤ እኔም እንዲወስደው ተውኩት።

አጎቴ በረንዳው ላይ ጠራኝ። ልብሱ ላይ የወንድሜ ደም ደርቆ ነበር። በዚያች ሌሊት ያረጀ መሰለኝ።

«ጆሮሽ አጠገብ ነቅንቀሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ምንም አላለም?»

ባለ ሞተሮቹ ታዩኝ፣ የተዘረጋው ጥቁር እጅ ታየኝ፣ ያ ክዳን ታየኝ። «ምንም አላለም፣ አጎቴ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ብረቱ ነው የከዳን። አንቺ ምን ታደርጊ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቢጮህብኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከሁለት በጋ በኋላ ሞተ። ግመሎቹን የአጎቴ ልጆች ያዟቸው፤ ገመድ መቋጠር የማይችል እጅ ግመል አይጭንም። ወንድሜ አልተከራከረም። ግመሎቹ በከተማው ዳር ሲያልፉ ግን ከቤት ወጥቶ አያያቸውም።

አሁን ከብት ተራ ደላላ ነው። ቀልዱ አልተለወጠም፣ ገዢና ሻጭ ይወዱታል። ለሥራ ሲወጣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ ይለብሳል። የቀኝ እጁ ጣቶች ስለማይጨበጡ የግራ እጅጌውን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም። ሚስቱ ልትቆልፍለት ትችላለች። ጠቅልሎ ወደ ላይ ቢሰበስበውም ያው ነው። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ከብት ተራው ከመሄዱ በፊት እናቴ ሱቅ ጎራ ብሎ ግራ እጁን ባንኮኒው ላይ ያጋድመዋል።

ዛሬም መጣ። «እታለም፣ ቶሎ በይ፣ አንድ ሶማሌ ስድስት በሬ ይዞ እየጠበቀኝ ነው» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ልነግረው ያሰብኩትን አረፍተ ነገር ስለማመደው ነበር ያደርኩት። አጭር ነው፤ «ቢላው አውርቶ ነበር፣ ሰምቼው ነበር።» አንገቴን ደፍቼ እጅጌውን ያዝኩ። ሸሚዙ የሳሙና ሽታ ነበረው። እሱ ስለ በሬዎቹ ያወራ ነበር፣ አንዱ ቀንዱ የተሰበረ ነው አለ፣ ሳቀ። እኔ ትንሿን ቁልፍ በቀዳዳዋ አሳለፍኩ። ከቆለፍኩት በኋላም እጅጌውን ቶሎ አልለቀቅኩትም፤ እሱም እጁን አልሳበም።