ከድል የሚባል መድኃኒት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ባልዲ ነበር። ነጭ ጋዋን አልብሰው መርፌ ያስይዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የድሬሰሮቹ፣ ማለትም የቁስል አጣቢዎቹ፣ አለቃ አቶ ተሰማ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ መጀመሪያ ወለል ይታጠባል፣ ሰው የሚታከመው ከዚያ በኋላ ነው አሉኝ።

ክሊኒካችን ከነቀምቴ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ወለል ሳጥብ ከርሜ መርፌ ወደ መቀቀል፣ ከዚያም ቁስል ወደ ማጠብ አደግሁ። ኦሮምኛም አማርኛም ስለምናገር፣ ከትምህርት ቤት የለቃቀምኳት እንግሊዝኛም ስለነበረችኝ፣ በመጨረሻ ሲስተር ሩት በሽተኛ ስታይ ከጎኗ ቆሜ እንዳስተረጉም ተደረገ።

ሲስተር ሩት ከስኮትላንድ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ነርስ ነበረች። ስትናገር የቃሉን ግማሽ ትውጠዋለች። አቶ ተሰማ ደግሞ የሸዋ ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸው በበጋም አይወልቅም፣ "አልገባኝም" የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ለተባሉት ሁሉ መልሳቸው "የስ ሲስተር" ነው። እኛም ከእሳቸው ተምረን "የስ ሲስተር" እንል ነበር።

አንድ ማለዳ ባላምባራስ ኦልጅራ ሚስታቸውን በቃሬዛ አሸክመው መጡ። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ይዟት ነበርና እኛው ዘንድ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እሷን ትኩሳት ጣላት። ልጁ ከመዳፌ ብዙም የማይተርፍ ነው፤ ገላው ይቀዘቅዛል፣ ጡት የሚስብበት አቅም የለውም። ባላምባራስ ከዚያ በፊት የወለዷቸው ልጆች አልቆዩላቸውም ነበር። በር ላይ ቆመው አለንጋቸውን ያፍተለትላሉ።

ሲስተር ሩት ልጁን አየችና ለአቶ ተሰማ ከድል ያስፈልገዋል፣ ብዙ ከድል፣ አሁኑኑ፣ ብላቸው ሌላ ምጥ ወዳለበት ቤት ተጠርታ ሄደች።

"የስ ሲስተር" አሉ አቶ ተሰማ።

ከድል ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ኮድ ሊቨር ነው፣ የዓሣ ጉበት ዘይት፤ ፈረንጆች ሲቸኩሉ ያሳጥሩታል አሉኝ። እውነት መሰለኝ። ከእኛ ዘንድ አልቆ ስለነበር ባላምባራስን ነቀምቴ ላኳቸው። እሳቸውም በቡና ጫኝ መኪና ሄደው ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ ይዘው፣ በንዴት ቀልተው ተመለሱ። መድኃኒት ሻጩ ጎጃሜ ለማን እንደሆነ ጠይቋቸው፣ ዛሬ ለተወለደ ልጅ ነው ቢሉት፣ "ጌታዬ፣ ጡት ሳይቀምስ ዓሣ ሊበላልዎ ነው?" ብሎ ስቆባቸዋል።

አቶ ተሰማ ዘይቱን በማንኪያ ቀድተው ወደ ልጁ ጎንበስ ሲሉ ሲስተር ሩት ደረሰች። ማንኪያውን ከእጃቸው ነጠቀችና፣ ትን ብሎት ይሞታል ብላ ጮኸች። ከዚያ ልጁን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ ተጠቀለለችበት፣ ዓይኗን ጨፈነች። "ከድል" አለች። አቶ ተሰማ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ማቀፍ ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ለማቀፍ ሌላ ቃል አለን አለችኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ታቅፊዋለሽ፣ ትለቂዋለሽ። ከድል ግን አይለቅም። ሳይቸኩሉ፣ ሙቀት እስኪጋባ ድረስ ጉያ ውስጥ ሽጉጥ ማድረግ ነው። ለሕፃን ይሆናል፣ ለታመመ ይሆናል አለችና፣ ለባልና ሚስትም ስትል እሷው ቀላች።

እናትየው በትኩሳት ትቃጠላለች፣ ሲስተር ሩትንም እኛንም ሌላ በሽተኛ ይጠብቀናል። የቀሩት ባላምባራስ ናቸው። ሲያስሉ ገበያው ጸጥ የሚልላቸው ሰው! ሕፃን ይቀፉ ብላቸው እናታቸውን ከገጠር ለማስመጣት ሰው ይልካሉ፤ እስከዚያ ልጁ አይጠብቅም። ስለዚህ እንዲህ አስተረጎምኩ፦

"ባላምባራስ፣ እውነተኛው ከድል ተገኝቷል። ከጠርሙስ አይቀዳም፣ ከአባት ደረት ነው የሚወጣው። ሸሚዝ ካለ ግን አይሠራም።"

"ኢንተላ ኮ፣ ትቀልጂብኛለሽ?" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሲስተርን ይጠይቋት አልኳቸው። እሷ የገባት ከድል የምትለዋ ብቻ ናት፤ "የስ፣ ከድል" ብላ ራሷን ነቀነቀች።

መጋረጃ ይጋረድልኝ አሉ፤ ጋረድንላቸው። ሸሚዛቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልጁን ከጋቢያቸው ሥር አስገባሁት። መጀመሪያ የጎረቤት እንቁላል በአደራ እንደተቀበለ ሰው ደርቀው ተቀመጡ። ቆይቶ ትከሻቸው ረገበ፣ ልጁም ሞቀ። እናትየው ከአልጋዋ ሆና ይህን አይታ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

የታለበ የእናቱን ወተት ጠብ እያደረግን ሰጠነው። በማግሥቱም በዚያው ቀጠልን፣ ከቀናት በኋላ ጡት ያዘ። የእናቱ ትኩሳት ሲለቃት ልጁን ልወስድላት ብሄድ ባላምባራስ እምቢ አሉኝ። "ቆሪቻው አላለቀም" አሉ፤ መድኃኒቱ ማለታቸው ነው።

ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ወሬው በየገበያው ተዛመተ። ሰዎች እየመጡ ከድል ስጡን ይሉን ጀመር። አንድ ሽማግሌ ለወገባቸው ቢጠይቁ፣ አቶ ተሰማ ምንም ሳይስቁ፣ "እርስዎ ቤት አለ፤ ባለቤትዎን ይጠይቁ" አሏቸው።

ባላምባራስ ልጁን ሊያስከትቡ ሲመጡ፣ የቃሉን ፍቺ ከአንድ አስተማሪ ሰምተው ነበር። ተቀይመውኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ያኔ ፍቺውን ብትነግሪኝ ጥዬ እሄድ ነበር" አሉ። ልጁን ግን ለመርፌው ከእቅፋቸው አላወረዱትም።

በዚህ ሥራ ለምትሰማሩ ይህን እላለሁ። ቃሉ ካልገባችሁ እዚያው በሽተኛው አልጋ አጠገብ ጠይቁ። ሲገባችሁ ደግሞ በሽተኛው በሚቀበለው አነጋገር ንገሩት።