የኢሶዳ ጣት

እናቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ ትንሽ የኑድል ቤት አላት። ኢሶዳ ሚትሱዮ ምሳውን የሚበላው እዚያ ነበር። ሥራው ፍተሻ ነው፤ ሌላው መካኒክ የሠራውን እሱ በዓይኑ አይቶ ካላጸደቀ፣ ደሴታችንን ከጃፓኗ ካጎሺማ ከተማ የምታገናኘው ትንሽ አውሮፕላን አትነሳም።

ፈታሽ ያየውን ዝም ብሎ አያልፍም፤ ክንዱን ዘርግቶ ይጠቁማል፣ የዕቃውን ስም ይጠራል፣ ከዚያ «ልክ!» ብሎ ይጮኻል። እጅና አፍ የሚደክሙት ዓይን እንዳይተኛ ነው። የኢሶዳ ድምፅ የሸንኮራ አገዳውን እርሻ አልፎ ባሕሩ ጋ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው ዓለምን በየስሟ እየጠራ «ልክ ነሽ» ሲላት መስማት! ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይደንቀኝ ነበር።

ልማዱ ምግብ ቤት ድረስ ይከተለዋል። «ሽንኩርት፣ ልክ! እንቁላል፣ ልክ!»

«ሚስትህንም ጠዋት ጠዋት 'አለች፣ ልክ!' ትላታለህ አሉ» ትለዋለች እናቴ።

«ኧረ የምትጠቁመው እሷ ናት። 'ጢም፣ አልተላጨም!'»

አምና፣ የዝናቡ ወራት ሲገባ፣ አውሮፕላኗ በጎን ነፋስ እየተንገላታች መጥታ መሬቱን በኃይል መታችው። የፊት እግሯ ታጠፈና በአፍንጫዋ እየተንሸራተተች ሣሩ ውስጥ ገባች። የሞተ ሰው የለም። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የሆኑት ሐር ሸማኔዋ ወይዘሮ ሳካኢ ግን ወገባቸው ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲህ ሽመናቸው ላይ አልተቀመጡም።

ጥፋቱ ወጣቱ አብራሪ ዋታሪ ላይ ተላከከ። የፊት እግሯን የሚይዘው ብሎን ባሕር ገብቶ ይሁን ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ሊገኝ ስላልቻለ፣ የሚመሰክርለት ነገር አልነበረም። ከሥራ አገዱት። እናቱ ገበያ መውጣት ተወች።

ኢሶዳ ኑድሉን ሳይነካ መነሳት ጀመረ። ምክንያቱን የነገረን በኋላ ነው።

ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ ያንን ብሎን የቀየሩት አለቃ ኩረባያሺ ነበሩ፤ ኢሶዳን የመፍቻ አያያዝ ያስተማሩት፣ የዳሩትም እሳቸው ናቸው። የብሎኑ ዳዶ በንዝረት እንዳይፈታ አንዲት ቀጭን ፒን ትይዘዋለች። እሷን ለማየት ፈታሹ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ በባትሪ ማብራት አለበት። የዚያን ዕለት አለቃ አጠገቡ ቆመው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። እሳቸው ፊት ተንጋሎ ሥራቸውን መበርበር ኢሶዳን አሳፈረው። ጎንበስ አለ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ «ፒን፣ ልክ!» አለ። ፒኗን ግን አላያትም።

የአደጋ መርማሪዎች ከቶኪዮ መጡ። ለማነጻጸር ብለው ጋራዡ ውስጥ በተጠባባቂነት የቆመችውን የሌላዋን አውሮፕላን ፒን ጠየቁ፤ ጠዋት ነቅሎ የሰጣቸው ራሱ ኢሶዳ ነው። ከሰዓት በኋላ የመርማሪዎቹ ኃላፊ ወይዘሮ ኡሱዪ እዚያችው አውሮፕላን ሥር ቆመው፣ «እንደ ወትሮው አድርገህ አሳየን» አሉት።

ኢሶዳ ጎንበስ አለ። ክንዱ ተዘረጋ። «ፒን፣ ልክ!» ድምፁ ጋራዡን ሞላው።

«ግሩም ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ፍተሻችሁ እንከን የለውም። ጨርሰናል።»

አለቃ ኩረባያሺ እጅ ነሱ። ኢሶዳ ያኔ ነው ጣቱ ወደሚያመለክተው ቦታ ቀና ብሎ ያየው። ባዶ ቀዳዳ ነበር። በገዛ እጁ የነቀላትን ፒን ነው «ልክ» ያለው! ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያስተዋለ የለም። ዝም ቢል ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ዋታሪም እንደታገደ ይቀራል።

«ይቅርታ» አለ፤ «አልጨረስንም። እባክዎ ተኝተው ይመልከቱት።»

ወይዘሮዋ ተንጋለው ባትሪ አበሩ። «እዚህ ምንም የለም።»

«የለም። ጠዋት ነቅዬ ሰጥቻችኋለሁ። ያን ጊዜም እንዲሁ ነው ያደረግኩት። ሳላይ ነው 'ልክ' ያልኩት።»

«ሚትሱዮ!» አሉ አለቃ። «ምን ነካህ? ፒኗን አስገብቻታለሁ እኮ!»

«አስገብተው ይሆናል አለቃ። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ አላመንከኝም?»

«አመንኩዎት። ጥፋቴም እሱ ነው።»

የአደጋው መንስኤ አልታወቀም ተባለ፤ ዋታሪ ወደ በረራው ተመለሰ። ኢሶዳ ሥራውን ለቀቀ፤ አሁን ሸንኮራ መጭመቂያ ቤት ነው። አለቃ ኩረባያሺ መንገድ ላይ ሲያዩት ያልፉታል። እሱ ግን ቆሞ፣ ጀርባቸው እስኪጠፋ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል።

ወይዘሮ ሳካኢ ቤት የሄደው ከእናቴ ጋር ነው፤ ብቻውን በሩን ማንኳኳት አቅቶት ነበር። ተንበርክኮ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ።

«ፒኗ ነበረች ወይስ አልነበረችም?» አሉት።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

«እንደማላውቅ።»

ሴትየዋ ለይቅርታ ይዞላቸው የሄደውን ጣፋጭ፣ መጠቅለያውን እንኳ ሳይፈቱት፣ በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ወደ ጉልበቱ መልሰው ገፉት።